ስለ እጅ ዕረፍት

ከእንጅባራ ከተማ ወጣ ብሎ፣ ከአዲስ አበባ በደብረ ማርቆስ በኩል ወደ ባሕር ዳር ከሚወስደው አውራ ጎዳና ሳይርቅ፣ ዘንገና የሚባል ሐይቅ ይገኛል። ይህ ሐይቅ በጥንት ዘመን ከምድር ሆድ የወጣ እሳት በከፈተው ጕድጓድ ውስጥ የተጠራቀመ ውሃ ነው። መልኩ ክብ ሆኖ፣ ከዳር እስከ ዳር ያለው ስፋቱ አንድ ኪሎ ሜትር ያህል ነው፤ ጥልቀቱ ግን 166 ሜትር ያህል ሆኖ ስለ ተለካ በኢትዮጵያ ካሉት ጥልቅ ሐይቆች አንዱ ነው። ዙሪያውን ተዳፋትና ዛፍ ከቦታል። የደጋው ነፋስ ሲነፍስበት መልኩ ይጠቍራል፤ ነፋሱ ጸጥ ሲል ግን ሰማዩንና ዛፉን ገልብጦ ያሳያል።

ይህን ውሃ ያየ መንገደኛ ሁሉ አንድ ነገር ሊያደርግ ይወዳል። አንዱ ፈጣሪውን ያመሰግናል፤ አንዱ ድንጋይ ይወረውራል፤ በዛሬው ዘመን ደግሞ ብዙው ሰው ስልኩን አውጥቶ ፎቶግራፍ ያነሣና መንገዱን ይሄዳል። አልፎ አልፎ ግን ወረቀትና እርሳስ ይዞ በዳሩ የሚቀመጥ ሰው ይገኛል፤ ተማሪ ይሆናል፣ ወይም ከሥራው ያረፈ አስተማሪ፣ ወይም የመሥሪያ ቤት ጸሐፊ። ጥቂት መስመር ከሣለ በኋላ ሐይቁን ያያል፤ ወረቀቱንም ያያል፤ ሁለቱ አለመመሳሰላቸውን በተረዳ ጊዜ ዙሪያውን ገልመጥ ብሎ ወረቀቱን ጨምድዶ ወደ ኪሱ ይከተዋል። የዚህ ምዕራፍ ነገር ስለዚያ የተጨመደደ ወረቀት ነው። ወረቀቱ ብዙ ዋጋ የለውም፤ ከወረቀቱ ጋራ የተጣለው ነገር ግን ቀላል አይደለም፤ ሰውዬው ዳግመኛ እርሳስ ሊያነሣ አይደፍርምና።

ይህ እፍረት ከየት መጣ? አንዱ ሥሩ የቆየ ነው። በአገራችን በእጁ የሚሠራ ሰው ሲናቅ ብዙ ዘመን አለፈ። ብረት የሚቀጠቅጠው፣ ሸማ የሚሠራው፣ ሸክላ የምታበጀው፣ ቆዳ የሚፍቀው፣ ሁሉም የስድብ ስም ወጥቶላቸው ነበር። ዳግማዊ ምኒልክ በ1900 ዓ.ም. ባለ እጆችን መስደብ የሚከለክል አዋጅ አስነግረዋል፤ ንጉሥን አዋጅ እስከ ማስነገር ያደረሰ ስድብ ምን ያህል በዝቶ እንደ ነበረ ከዚያ መመዘን ይቻላል። የተማረ ሰው በእጁ ሲሠራ መታየትን የሚፈራው የዚያ ዘመን ቅሬታ ፈጽሞ ስላልጠፋ ነው።

መጽሐፍ ቅዱስ ግን እንዲህ አያስተምርም። ሙሴ የመገናኛውን ድንኳን ባሠራ ጊዜ ባስልኤልና ኤልያብ በየስማቸው ተጠርተው ለሥራው ጥበብ እንደ ተሰጣቸው በኦሪት ዘፀአት ተጽፏል። ነገር ግን የተነገረው የእነዚህ የሁለቱ ሊቃውንት ሥራ ብቻ አይደለም። ስማቸው ያልተጻፈ፣ ልባቸው ያነሣሣቸው ሴቶች የፍየል ጠጕር እየፈተሉ ነበር። ከእነዚያ ሴቶች አንዲቱ ፈትልሽ ወፈረ ተብላ የተመለሰች መሆንዋ አልተጻፈም።

ሁለተኛው ሥር አዲስ ነው፤ እርሱም ከትምህርት ቤት የመጣ ነው። ተማሪ የሚሠራው ሁሉ ይታረማል፤ ቍጥርም ይሰጠዋል። ለሒሳብና ለሰዋስው ይህ የሚገባ ነገር ነው፤ ያልታረመ ሒሳብ ሻጩንም ገዢውንም ያጣላልና። ነገር ግን ልጁ ዐሥር ዓመት እንዲህ ከኖረ በኋላ በዓለም ላይ ያልተመዘነ ሥራ የሌለ ይመስለዋል። መዛኝ ባይኖር እንኳ ራሱ ቀይ ቀለም ይዞ በራሱ ላይ ይቀመጣል። በዚህም ላይ የታላላቅ ሠዓሊዎች ሥራ ዛሬ በየሰው እጅ ባለው ስልክ ስለሚታይ፣ ገና አንድ ዛፍ ያልሣለ ልጅ ዕድሜአቸውን ሁሉ በዚህ ሥራ ከፈጁ ሰዎች ጋራ ራሱን አስተያይቶ ተስፋ ይቈርጣል።

ይህን በሽታ የማያውቁ ሰዎች ሩቅ አገር ሊፈለጉ አያሻም፤ በየቤቱ ስፌት የሚሰፉ እናቶች ናቸው። ለገበያ የሚሰፉ አሉ፤ እነዚያ ስለ ዋጋው ይጠነቀቃሉ። ለቤትዋ የምትሰፋው ግን፣ የቀኑ ሥራ ጋብ ሲልላት፣ ስንደዶዋንና አክርማዋን፣ በቀለም የተነከረውንም አለላ አቅርባ፣ በወስፌ እየወጋች ዙሩን ታዞራለች። ከጎረቤትዋ ጋራ ትጨዋወታለች፤ ቡናውንም ትጠብቃለች። ሐረጉ በቈጠረችው ልክ ሳይገጥም ሲቀር አንዳንድ ጊዜ ፈትታ ትመልሰዋለች፤ አንዳንድ ጊዜም ስቃ ትተወዋለች። ኮከቡ ስለ ተንጋደደ ብላ ሌማቱን ወደ እሳት የምትጥል ሴት አትገኝም። እንጀራውም በተንጋደደው ኮከብ ላይ ሲቀርብ ጣዕሙ አይለወጥም። እርስዋን ባለ ጥበብ ብሎ የሚጠራት የለም፤ እርስዋም አትጠብቅም። ሌማቱ ሲያልቅ ግን ሁለት ነገር አገኘች፤ አንዱ ሌማቱ ነው፤ ሁለተኛው ሐሳብዋ ከእጅዋ ጋራ እየዞረ ያረፈበት ጊዜ ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ቢበልጥ እንጂ አያንስም።

በቤተ ክህነትም ወገን ይህን የሚመስል ነገር አለ። የብራና መጻሕፍት በመጀመሪያና በመጨረሻ ባዶ ቅጠል ይተውላቸዋል። ጸሐፊው ብርዑን ቀርጾ ቀለሙ ደኅና መውረዱን የሚያየው በዚያ ላይ ነው፤ ይህንም ፍትነ ብርዕ ይሉታል። በዚያው ባዶ ቅጠል ላይ ደግሞ ከጸሐፊው በኋላ መጽሐፉን የያዘ ሰው፣ ምናልባት ዲያቆን፣ ምናልባትም ዳዊት የሚደግም ተማሪ፣ የሣለው መልአክ ወይም ፈረሰኛ ብዙ ጊዜ ይገኛል። አንዱ ክንፍ ከሌላው ይረዝማል፤ ጣቶቹ እንደ ማበጠሪያ ጥርስ ይደረደራሉ፤ ፈረሱም እግሩን የት እንደሚያኖር የቸገረው ይመስላል። በመጽሐፉ መካከል ያለውን ያማረ ሥዕል የሠራው ሊቅ ነው፤ በዳር ያለውን የሠራው ግን ልቡ ደስ ያለው ሰው ነው። መጽሐፉን የሚያገላብጥ ሰው ለፊተኛው ይደነቃል፤ ለሁለተኛው ፈገግ ይላል። ስንት መቶ ዓመት ያለፈው ሰው እንዲህ በቅርብ የሚታወቀው በዚህ ብቻ ነው።

ሆኖም እዚህ ላይ መለየት ይገባል። በቤተ መቅደስ ግድግዳ ላይ የሚሣለው ሥዕል የዕረፍት ጨዋታ አይደለም። እርሱ ሕግ አለው። ደጋጎቹን ፊታቸውን አቅንቶ በሁለት ዐይን፣ ክፉዎቹን ግን ወደ ጎን አዙሮ በአንድ ዐይን መሣል ከአባቶች ሲወርድ የመጣ ልማድ ነው፤ ተማሪውም ይህን ሁሉ ከመምህሩ እግር ሥር ተቀምጦ ይማራል። ማንበብ የማይችል ሕዝብ ታሪኩን ከዚያ ይማራልና ሠዓሊው እንዳሻው ሊያደርግ አይችልም። እንደዚሁም እንጀራውን ከሥዕል ሊበላ የሚወድድ ሰው ይማር፤ ይታረም፤ ይመዘን። አለ ፈለገ ሰላም በአዲስ አበባ ያቋቋመው የሥነ ጥበብ ትምህርት ቤት የተሠራው ለእንዲህ ያለው ሰው ነው። በዘንገና ዳር የተቀመጠው ሰው ግን ማንንም ሊያስተምር አልተነሣም፤ ለማንም ሊሸጥ አላሰበም። ከዚያ ሊቅ የሚጠየቀውን ከዚህ ሰው መጠየቅ፣ በሠርግ ላይ የዘፈነውን ሁሉ ስለ ዜማው ስሕተት እንደ መገሠጽ ነው።

በእንግሊዝ አገር ስሙ የገነነው ዊንስተን ቸርችል ሥዕል የጀመረው በ40 ዓመቱ ነው። ዘመኑም እንደ አውሮፓ አቈጣጠር 1915 ነበረ። በዳርዳኔልስ የተደረገው ዘመቻ ስለ ከሸፈ ከባሕር ኃይል ሹመቱ ተነሥቶ፣ እጅግ አዝኖ፣ በገጠር ቤት ተቀምጦ ሳለ ቀለምና ብሩሽ ያዘ። በኋላ ራሱ እንደ ጻፈው፣ ነጩን ሸራ በፊቱ ባቆመ ጊዜ ፈራ። በመጨረሻም እጅግ ትንሽ የሆነች ሰማያዊ ነጥብ አኖረና እጁ በዚያው ቀረ። የጦር መርከብ ሁሉ ሲያዝዝ የነበረ ሰው በአንድ ክንድ ሸራ ተሸነፈ ማለት ነው። በዚያን ጊዜ የሠዓሊው የጆን ላቬሪ ሚስት ደረሰች፤ ትልቁን ብሩሽ ተቀብላ፣ በቀለም ነክራ፣ ሸራውን ያለ ርኅራኄ ትቀባው ጀመር። ቸርችልም ይህን ባየ ጊዜ ፍርሃቱ ለቀቀው።

ከዚያ ጀምሮ እስከ እርጅናው ድረስ ከ500 የሚበልጡ ሥዕሎች ሣለ። ስለዚሁ ጨዋታ የጻፈውም ጽሑፍ በ1948 ራሱን ችሎ በመጽሐፍ መልክ ታተመ። ከሥዕሎቹ መልካሞች አሉ፤ ደካሞችም አሉ። እርሱ የፈለገው ግን ሌላ ነገር ነበረ። በብዙ ጭንቀት የደከመ አእምሮ ዝም ብሎ በመተኛት ብቻ እንደማያርፍ፣ ሌላ የሚይዘው ነገር ሲያገኝ እንደሚያርፍ አስተዋለ። የአዊ ገበሬ ይህን ያለ መጽሐፍ ያውቀዋል፤ ገብስ እየተደጋገመበት የደከመውን መሬት ባቄላ ዘርቶ ያሳርፈዋል። መሬቱ ሥራ አልፈታም፤ ሥራው ግን ተለወጠለት።

ዘንገናን የሚሥል ሰው አስቀድሞ የሚሰናከልበት ነገር የታወቀ ነው። ሐይቁ ክብ መሆኑን ያውቃልና በወረቀቱ ላይ ክብ ያደርጋል። ሥዕሉም በግድግዳ ላይ የተሰቀለ ሰፌድ ይመስላል፤ ያየ ሰው ሁሉ «ውሃው አይፈስምን?» ብሎ ይጠይቀዋል። ጥፋቱ የእጁ አይደለም። ዐይኑ ያየውን ትቶ ልቡ የሚያውቀውን ስለ ሣለ ነው። በዳሩ ተቀምጦ ለሚመለከት ሰው ያ ክብ ውሃ ከግራ ወደ ቀኝ ይረዝማል፤ ከቅርብ ወደ ሩቅ ግን ይጠብባል። ይህን ለማወቅ ብልሃቱ ቀላል ነው፤ ክንድን ዘርግቶ፣ እርሳሱን አጋድሞ፣ አንዱን ዐይን ጨፍኖ፣ ወርዱ ከእርሳሱ ምን ያህል እንደሚይዝ በአውራ ጣት መለካት ነው፤ ቀጥሎም እርሳሱን አቁሞ ከቅርቡ ዳር እስከ ሩቁ ዳር መለካት ነው። ሁለተኛው ከፊተኛው ይህን ያህል ማነሱን ያየ ሰው ይገረማል። ወደ ቤቱ ሲመለስ የስኒውን አፍ፣ የእንስራውንም አፍ እንደዚሁ ሆኖ ያገኘዋል። ከላይ ሲያዩት ክብ ነው፤ ከጎን ሲያዩት ይጠብባል፤ ከዐይን ትክክል ሲያደርጉት አንድ መስመር ብቻ ይሆናል። ሰውዬው በየቀኑ ቡና ሲጠጣበት የኖረውን ስኒ እስከዚያ ቀን ድረስ አላየውም ነበር።

የዛፎቹም መልክ በውሃው ላይ እንዲሁ ያስቸግራል። ብዙ ሰው ጥላንና በውሃ የሚታይ መልክን አንድ ያደርጋቸዋል። ጥላ ከፀሐይ ጋራ ይዞራል፤ ጧት በአንድ ወገን፣ ማታ በሌላ ወገን ይወድቃል። በውሃ ውስጥ የሚታየው የዛፍ መልክ ግን ፀሐይ ወዴትም ብትሆን ከዛፉ ሥር ቀጥ ብሎ ወደ ታች ይወርዳል። ዐይንን ጥቂት ጨፈን አድርገው ሲመለከቱ ትንንሹ ቅጠል ሁሉ ጠፍቶ ጨለማውና ብርሃኑ ብቻ ይቀራል፤ በዚያን ጊዜ መሣል ይቀልላል። እነዚህን ሁሉ ዐውቆ የተቀመጠ ሰው እንኳ ሥዕሉ ሐይቁን አይመስልለት ይሆናል። ሐይቁን ግን አንድ ሰዓት ሙሉ አየው፤ ፎቶግራፍ አንሥቶ የሄደው መንገደኛ ያየው ለጥቂት ደቂቃ ነው።

ለዚህ ሥራ ብዙ ገንዘብ አያስፈልግም። እርሳስ የሌለው ሰው ቀጭን ደረቅ እንጨት በቆርቆሮ ውስጥ አድርጎ፣ ለጢሱ መውጫ ትንሽ ቀዳዳ ባለው ክዳን ዘግቶ፣ እሳት ላይ ቢያኖረው ለሥዕል የሚሆን ከሰል ያገኛል። በባንጃና በእንጅባራ ዙሪያ ቀርከሃ በብዛት ይበቅላል፤ ባለ ሙያዎቹ ወንበርና ምንጣፍ ይሠሩበታል። ከእነርሱ የተረፈውን ቍራጭ በሰያፍ ጠርቦ ጫፉን የሰነጠቀ ልጅ ብርዕ ሠራ ማለት ነው፤ ጥላሸትን በሙጫ ውሃ ቢበጠብጥም ቀለም ይሆንለታል። የሊቃውንቱ ቀለም ብዙ ጊዜና ብዙ ሙያ ይጠይቃል፤ ይህ ግን ለጨዋታ ይበቃል።

ሐይቅ የሰለቸው ደግሞ ፈረስ ይሣል። በእንጅባራ በየዓመቱ ጥር 23 ቀን የአገው ፈረሰኞች በዓል ይከበራል፤ ማኅበሩ በ1932 ዓ.ም. የተመሠረተ ሲሆን፣ በዓድዋ ጦርነት የዘመቱትን ፈረሰኞች ያስታውሳል። ያጌጠው ፈረስ ሲጋልብ ያየ ልጅ ወደ ቤቱ ገብቶ ሊሥለው ይቸኩላል። ፈረሱም ውሻ ሆኖ ይወጣል። ይህ በብዙ ልጆች ላይ የደረሰ ነገር ነው፤ የፈረስ የኋላ እግር ወዴት እንደሚታጠፍ ከማስታወስ ይልቅ መዝሙረ ዳዊትን በቃል ማጥናት ይቀላልና። ልጁ ቢያዝን በሚቀጥለው ቀን የታሰረ ፈረስ አጠገብ ቆሞ እግሩን ብቻ ይመልከት። አባቱ ግን «ይህ ውሻ ነው» ብሎ ቢስቅበት፣ ያ ልጅ በሚመጣው ዓመት ፈረስ አይሥልም፤ ምናልባትም ሌላ ነገር ሁሉ ይተዋል። «ኮርቻውን እንዴት አሳምረህ ሣልኸው!» የሚል አባት ግን አልዋሸም፤ ልጆች ኮርቻውንና ጌጡን ከእግሩ አብልጠው ይመለከታሉና፣ ብዙ ጊዜ እርሱ በእውነት ያምራል።

ይህ ሁሉ ሥራ ፈትነት ነው የሚል ሰው አይጠፋም። ነገሩን ከቦታው ማየት ይገባል። በአዊ ደጋ ክረምቱ ረዥም ነው፤ በዓላቱም ብዙ ናቸው። ሞፈርና ቀንበር በተሰቀሉበት ቀን፣ የመሥሪያ ቤትም በር ከተዘጋ በኋላ፣ ሰው የሚሄድበትን ሁሉም ያውቃል። በጠላ ቤት የገባው ሰው ደክሞት ገባ፤ አብልጦም ደክሞት ይወጣል፤ ኪሱም ቀለለ፤ በቤቱ ያሉትም ልጆች ድምፁን ሰምተው ዝም ይላሉ። እርሱን «አትጠጣ» ማለት ብቻ አይጠቅምም፤ እጁ ባዶ ነውና ዋንጫው ይገባበታል። ማሲንቆ የሚሞክር ከሆነ ማሲንቆውን፣ እንጨት የሚጠርብ ከሆነ ቢላዋውን፣ የሚሥል ከሆነ እርሳሱን ያንሣ። በምሽቱ መጨረሻ የሚታየው ሥራ ምንም የማያምር ቢሆን እንኳ፣ ልጆቹ መብራቱ አጠገብ ተሰብስበው ያዩታል።

የዛሬ ዘመን ሊቃውንትም ይህን ነገር መርምረዋል። እንደ አውሮፓ አቈጣጠር በ2016 በአሜሪካ አገር፣ በፊላደልፊያ ከተማ፣ በድሬክሰል ዩኒቨርሲቲ 39 ሰዎች ለ45 ደቂቃ በቀለም፣ በጭቃና በወረቀት እንደ ወደዱ እንዲሠሩ ተደረገ። በጭንቀት ጊዜ በሰውነት ውስጥ የሚበዛው ኮርቲሶል የሚባለው ነገር ከሥራው በፊትና በኋላ በምራቃቸው ተለካ፤ ከመቶው 75 በሚሆኑት ላይ ቀንሶ ተገኘ። የሰዎቹ ቍጥር ጥቂት ስለ ሆነ በዚህ ብቻ ታላቅ ነገር መናገር አይገባም። ሆኖም አንድ ነገር ሊታሰብ ይገባል፤ ሥዕል የለመዱትና ያልለመዱት በውጤቱ አልተለያዩም።

የተሣለውን ወረቀት ለሰው ማሳየት ግዴታ አይደለም፤ መጣልም አይገባም። በጀርባው ቀኑን፣ ሰዓቱንና ነፋስ እንደ ነበረ ወይም ጸጥታ እንደ ነበረ ጽፎ በመጽሐፍ መካከል ማኖር ይበቃል። በጥር የተሣለውና በመስከረም የተሣለው ሲተያዩ ሐይቁ አንድ አለመሆኑ ይታወቃል። በሐምሌ ጉም ወርዶ ውሃውን ሲሸፍነው ግን የሚሣል ነገር የሌለ ይመስላል። በዚያን ቀን የቅርቡን ዛፍ አጥቍሮ፣ ቀጥሎ ያለውን አሳስቶ፣ የሩቁን በጭራሽ ትቶ መሣል ነው፤ ለዚህም ከእርሳስ ይልቅ ከሰል ይመቻል፤ በጣት ሲያሹት ራሱ ጉም ይሆናል።